የልደት በዓል ታሪክና በከተማችን ያለው አከባበር



የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሲከበር በሚወጣው በዚህ መጽሔት ውስጥ፥ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ከታሪክ ትምህርት አንድ አንድ ነገር እየመረጥን እንድንጽፍ መምህራችን አዘዙን። ከጓደኞቼ አንዱ ስለ ምድር ባቡር፥ ሌላው ስለ ሐረርጌ ቡና መረጡ። እኔ ግን ስለ ልደት በዓል ለመጻፍ ወደድሁ። ምክንያቱም የምሥረታ በዓልም ሆነ የልደት በዓል ሥራው አንድ ነው፤ ይኸውም መጀመሪያውን ማስታወስ ነው። ትምህርት ቤት የተመሠረተበትን ቀን ሲያከብር የመጀመሪያዎቹን መምህራንና የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች ካላስታወሰ፥ ባንዲራው ለምን እንደ ተሰቀለ የሚያውቅ ሰው አይገኝም። ልደትም እንደዚሁ ነው። የተወለደው ካልታሰበ፥ የታረደው ዶሮና የተጠመቀው ጠላ የማን ልደት እንደ ሆነ ሊነግሩን አይችሉም።

በከተማችን በጭሮ፥ ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ትባል በነበረችው፥ ታኅሣሥ ከገባ ጀምሮ «ገና ደረሰ» የማይል ሰው የለም። ነገር ግን ነገሩን ቀረብ ብሎ ላዳመጠው፥ ወሬው ስለ ዶሮ ዋጋ፥ ስለ ቅርጫና ስለ ልብስ ነው። እኔም ከዚህ ነጻ አይደለሁም፤ ወደ ኋላ እንደምናገረው፥ በዚሁ በዓል የበደልሁት በደል አለ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመንቀፍ ሳይሆን ከታሪክ ለመማር ነው። ጥያቄዬም አንድ ነው፤ አባቶቻችን የልደትን እምነት በበዓሉ መካከል ጠብቀው ያቆዩት በምን ዘዴ ነው?

ቀኑ እንዴት እንደ ተወሰነ

ወንጌላዊው ሉቃስ የጌታችንን መወለድ ሲጽፍ፥ የማን ዘመን እንደ ነበረና በየትኛው ከተማ እንደ ሆነ ነገረን እንጂ ወሩንና ቀኑን አልነገረንም። የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ከሁሉ አስበልጠው ያከብሩት የነበረው ትንሣኤን ነው። በምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ልደትና ጥምቀት በአንድ ቀን የሚከበሩበት ዘመን ነበረ፤ የአርመን ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ ድረስ ሁለቱን በአንድነት ታከብራለች። በሮም ከተማ ልደት በዲሴምበር 25 ቀን ይከበር እንደ ነበረ የሚያስረዳው የመጀመሪያው ምስክር እ.ኤ.አ. የ336 ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ልማዱ ወደ ምሥራቅ ተስፋፋ። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ እ.ኤ.አ. በ386 በአንጾኪያ ሲሰብክ፥ ይህ በዓል ወደዚያ አገር ከገባ ገና ዐሥር ዓመት እንዳልሞላው ተናግሯል። እ.ኤ.አ. በ432 ደግሞ የኤሜሳው ኤጲስ ቆጶስ ጳውሎስ በእስክንድርያ፥ በቅዱስ ቄርሎስ ፊት፥ ኪያክ 29 ቀን የልደትን ስብከት ሰበከ። የግብፆች ኪያክ የእኛ ታኅሣሥ ነው።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በ4ኛው መቶ ዓመት አባ ሰላማ ፍሬምናጦስ በቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ተሹሞ ከመጣ ጀምሮ ከእስክንድርያ ጋራ በአንድ ሥርዓት የኖረች ስለ ሆነች፥ እኛም ልደትን የምናከብረው ታኅሣሥ 29 ቀን ነው። በዘመነ ዮሐንስ ብቻ፥ ይኸውም ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት፥ በዓሉ ታኅሣሥ 28 ቀን ይውላል። ፈረንጆች ከእኛ ቀድመው ማክበራቸው ከሃይማኖት ልዩነት የመጣ አይደለም። የሮሙ ሊቀ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1582 የቀድሞውን አቈጣጠር ሲያርሙ ዐሥር ቀን ዘለሉ፤ ልዩነቱም እየሰፋ ሄዶ ዛሬ ዐሥራ ሦስት ቀን ሆኗል።

ይህን ነገር ያወቅሁት በኋላ ነው። ሕፃን ሳለሁ በሚስዮን ትምህርት ቤት ታኅሣሥ 16 ቀን ከመምህራን ጋራ የልደትን መዝሙር እንዘምር ነበር። ከዐሥራ ሦስት ቀን በኋላ ደግሞ በቤታችን እንደ ገና ይከበራል። ነገሩ ግራ ቢገባኝ አያቴን «እማማ፥ ጌታ ስንት ጊዜ ነው የሚወለደው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም «ልጄ፥ የተወለደው አንድ ጊዜ ነው፤ የተለያየው ቈጣሪው ነው» አሉኝ። አያቴ ፊደል አልቈጠሩም፤ ሆኖም ከዚህ የተሻለ መልስ በመጽሐፍ አላገኘሁም።

አባቶቻችን ለበዓሉ ያጠሩት አጥር

የአገራችንን ታሪክ ስንመረምር፥ አባቶች ልደትን እንዲሁ በሜዳ ላይ እንዳልተዉት እናያለን። መልካም ገበሬ አዝመራውን እንደሚያጥር፥ እነርሱም በዓሉን አጥረውታል።

የመጀመሪያው አጥር ጾም ነው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ገብቶ እስከ በዓሉ ዋዜማ ይቆያል፤ ቍጥሩም አርባ አራት ቀን ነው። ሊቃውንት ሲያስረዱ፥ አርባው ቀን የክርስቶስን መምጣት ተስፋ ያደረጉ ነቢያት የጾሙት፥ ሦስቱ ቀን በ10ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያው ፓትርያርክ በአብርሃም ሶርያዊ ዘመን በግብፅ ስለ ተደረገው ተአምር የተጨመረ፥ አንዱም ገሃድ ነው ይላሉ። በእነዚህ ቀኖች ሥጋ፥ ወተት፥ ቅቤና እንቍላል አይበላም። ከምግቡ ይልቅ ግን የጾሙ አሳብ የሚደነቅ ነው። ነቢያት መድኃኒትን ሳያዩ በተስፋ እንደ ቆዩ፥ ሕዝቡም ከበዓሉ በፊት የነቢያትን ናፍቆት በሥጋው እንዲቀምስ ተደረገ። ስለዚህ በጾም የቆየ ሰው የልደት ዕለት ሲበላ፥ የሚበላው ለምን እንደ ሆነ ያውቃል። ያልጾመ ሰው ግን ትናንትም በልቶ ነበርና፥ ለእርሱ የልደት ዶሮ ከሌላው ዶሮ የሚለየው በዋጋው ብቻ ነው።

ሁለተኛው አጥር ሌሊቱ ነው። ሕዝቡ ነጭ ለብሶ በቤተ ክርስቲያን ያድራል፤ ማሕሌት ይቆማል፤ ቅዳሴ ይቀደሳል፤ ወደ ማዕድ የሚኬደው ከዚህ በኋላ ነው። ይህ ሥርዓት በጣም ገንኖ የሚታየው በላስታ በላሊበላ ነው። ንጉሥ ላሊበላ ራሱ የተወለደው ታኅሣሥ 29 ቀን ነው ስለሚባል፥ በዚያ ሁለቱ ልደቶች በአንድ ቀን ይከበራሉ። ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ፥ ከፊሉ ከላይ በቋጥኙ አፋፍ ከፊሉ ከታች በግቢው ቆመው፥ «ቤዛ ኵሉ» የተባለውን መዝሙር እየተቀባበሉ ያዜማሉ። የላይኞቹ የመላእክት፥ የታችኞቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው ይባላል። ከአሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ሥር ለማደር ብዙ ሺህ ሰው ቀናት ሙሉ በእግሩ እየተጓዘ ይመጣል።

ሦስተኛውን አጥር ያጠረው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነው። ይህ ንጉሥ እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 ድረስ ገዛ። ልደት በዓመት አንድ ቀን ታስቦ እንዳይረሳ፥ ወር በገባ በ29ኛው ቀን ሁሉ የልደት መታሰቢያ እንዲደረግ አዘዘ። በእነዚያ ቀኖች የሚነበቡ ድርሳናትም «መጽሐፈ ሚላድ» በተባለው መጽሐፍ ተሰበሰቡ። ዛሬም በየወሩ 29 ቀን በዓለ ወልድ የሚባለው ይህ መታሰቢያ ነው። ልብ ብለን ካየነው ንጉሡ የሠራው ሥራ ብልኅነት አለበት። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣ እንግዳ ድግስ ይደገስለታል እንጂ ጠባዩ አይታወቅም፤ በየወሩ የሚመጣ ግን ቤተ ሰብ ይሆናል።

ከነዚህ ሦስት አጥሮች በኋላ ጨዋታ ይመጣል። የገና ጨዋታ መነሻው ከእረኞች ነው ይባላል፤ የመወለዱን ምሥራች በሰሙ ጊዜ ከደስታቸው ብዛት የተነሣ በያዙት በትር ተጫወቱ የሚል ትውፊት አለ። ተጫዋቾቹ በሁለት ወገን ተከፍለው፥ ጫፉ በተቈለመመ ዱላ ሩሩን እየመቱ ወደ ተጋጣሚያቸው ወሰን ያደርሳሉ። በአዲስ አበባ ጃን ሜዳ የሚደረገውን ብዙ ሰው ያውቀዋል። በዚያ ዕለት ሎሌው ጌታውን ቢመታው ጌታው አይቈጣም ይባላል። ይህ አባባል ቀልድ ይመስላል፤ ነገር ግን በውስጡ ትልቅ ትምህርት አለ። የሰማይ ጌታ ራሱን ዝቅ ባደረገበት ቀን፥ የምድር ጌታ ስለ ክብሩ ሊቈጣ አይገባውም።

ከዚህ የምንረዳው፥ አባቶቻችን የመብልና የጨዋታ ጠላቶች እንዳልነበሩ ነው። ጨዋታውንም ድግሱንም ስፍራ ሰጥተዋቸዋል። ነገር ግን ስፍራቸው ከጾሙና ከቅዳሴው በኋላ ነበር። ቤት ካለ ግቢው ያምራል፤ ቤቱ ከፈረሰ ግን ግቢው ባዶ መሬት ነው።

በሌላው ዓለም የሆነው ነገር

እምነት ከበዓል መካከል የመውጣቱ ነገር በእኛ አገር የተጀመረ አይደለም። በኤውሮፓ ሰዎች ይህን ችግር ለማረም በሦስት መንገድ ሞክረዋል፤ እያንዳንዱም የሚያስተምረን ነገር አለው።

አንዱ መንገድ መከልከል ነው። በእንግሊዝ አገር ፒዩሪታን የተባሉት ወገኖች በተበረቱ ጊዜ፥ ልደት የስካርና የዘፈን ቀን ሆኗል ሲሉ ተነሡ። ፓርላማውም እ.ኤ.አ. በ1647 በዓሉን በሕግ ሻረው። ሕዝቡ ግን አልተቀበለውም፤ በዚያው ዓመት በልደት ቀን በካንተርበሪ ከተማ ሁከት ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1660 ንጉሡ ሲመለስ በዓሉም ተመለሰ። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1659 ልደትን የሚያከብር ሰው አምስት ሺሊንግ እንዲከፍል ሕግ ወጣ፤ ሕጉ የተሻረው ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ድግስን በመከልከል እምነት አይመለስም፤ ባዶ የተደረገ ቤት እምነት ካልገባበት ባዶ ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛው መንገድ የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ነው። ይህ የአሲዚ ሰው የባለጠጋ ነጋዴ ልጅ ሲሆን ሀብቱን ትቶ ድኻ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1223 ግሬቾ በምትባል የኢጣልያ መንደር የልደትን ሌሊት ሲያከብር፥ በዋሻ ውስጥ እውነተኛ ግርግም አስቀመጠ፤ ድርቆሽ አስነጠፈ፤ በሬና አህያ አስመጣ። በዓሉን አልከለከለም፤ የተረሳውን ግርግም መልሶ በመካከሉ አኖረው እንጂ። የመንደሩ ሰዎችም ችቦ ይዘው መጡ፤ ጌታችን የተወለደው እንደ እነርሱ በድኻ ስፍራ መሆኑን በዓይናቸው አዩ። የፍራንቸስኮስ ልጆች የሆኑት ካፑቺን መነኮሳት በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ ሐረርጌ መጥተው ሚስዮን ማቋቋማቸውና ማስተማራቸው የታወቀ ስለ ሆነ፥ የግሬቾ ታሪክ ለአገራችን ፈጽሞ ባዕድ ነው ማለት አይቻልም።

ሦስተኛው መንገድ ሳያውቁት የሚሄዱበት ነው፤ እርሱም መልካሙን ነገር ቀስ በቀስ ባለቤቱን እያስረሱ መለወጥ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት የሚራ ኤጲስ ቆጶስ የነበረው ቅዱስ ኒቆላዎስ በልግስናው የታወቀ ነበር። ስለ እርሱ የሚነገረው ታሪክ እንዲህ ነው፤ ሦስት ሴቶች ልጆች የነበሩት አንድ ሰው ደኽይቶ ልጆቹን የሚድርበት ቢያጣ፥ ኒቆላዎስ በሌሊት ተደብቆ ወርቅ በመስኮት ጣለላቸው። የሆላንድ ሰዎች የዚህን ቅዱስ በዓል ወደ አሜሪካ ይዘው ሄዱ፤ ስሙም በአፋቸው ሳንታ ክላውስ ሆነ። በ19ኛው መቶ ዓመት ጳጳሱ የሳቂታ ሽማግሌ መልክ ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1843 በለንደን የመጀመሪያው የልደት ካርድ ታተመ። እ.ኤ.አ. ከ1931 ጀምሮ የኮካ ኮላ ኩባንያ ለማስታወቂያው ያሣለው ቀይ ልብስ የለበሰ ሽማግሌ በዓለም ሁሉ ታወቀ። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ለድኻ በስውር ይሰጥ የነበረ ጳጳስ፥ ለከፈለ ሰው በግልጽ የሚሸጥ ነጋዴ ሆነ። ማንም ክፉ አሳብ ያሰበ አልነበረም፤ ነገር ግን በየዘመኑ ጥቂት ጥቂት ተለወጠ።

በጭሮና በአካባቢዋ

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የምዕራብ ሐረርጌ ክርስትና ትናንት የመጣ አይደለም። በሚኤሶ አጠገብ በሚገኘው በአሰቦት ተራራ ላይ ያለው ገዳም፥ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ደቀ መዝሙር በነበሩት በደብረ ወገጉ አቡነ ሳሙኤል እንደ ተመሠረተ ይነገራል። ከተማችን ግን ወጣት ናት። የምድር ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፥ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ ሚኤሶና አሰቦት ጣቢያ ሆኑ። በ1910ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ በሩስያ የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ጨርጨርን ተሾሙ፤ አውራጃውንም ለሌሎች ምሳሌ እንዲሆን አድርገው ለማደራጀት ጣሩ፤ አሰበ ተፈሪም ዋና ከተማው ሆነች። እኒህ ሰው «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የጻፉ፥ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትንም ያረቀቁ ናቸው።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ወደ ጭሮ፥ ወደ ሂርና፥ ወደ በዴሳና ወደ ገለምሶ ከልዩ ልዩ አገር ሰው መጣ። ሁሉም የአገሩን ገና ይዞ መጣ። ቀጥሎ በባቡርና በመኪና የፈረንጅ ገና መጣ። በዘመናችን ደግሞ በቴሌቪዥንና በስልክ የነጋዴው ገና መጣ። ሦስቱም ዛሬ በአንድ ቤት ተቀምጠዋል፤ ሳሎን ውስጥ የሚያበራ ዛፍ አለ፤ ጓዳ ውስጥ አያቶቻችን ይጾማሉ፤ በስልኩም የበዓል ሎተሪና የባዛር ማስታወቂያ ይነበባል።

በአካባቢያችን አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም ነው። ይህ ነገር ለክርስቲያኑ ልዩ ኃላፊነት የሚያመጣ ይመስለኛል። ከቤታችን አጠገብ ያሉት ሙስሊም እናት፥ በጾመ ነቢያት ድግስ ቢኖራቸው ለአያቴ ቅቤ ያልገባበት ወጥ ለብቻው ሠርተው ይልካሉ። አያቴም በረመዳን ቀን ሽታው ጐረቤት እንዳይደርስ ብለው ቡና አይቈሉም። እኒያ እናት «መርየም» የሚለው የቁርኣን ምዕራፍ 19ኛው እንደ ሆነ የነገሩኝ ናቸው፤ ስለ እመቤታችን ስም በፍቅር ይናገራሉ። እንግዲህ ጐረቤቶቻችን ሃይማኖታችንን የሚያውቁት ከመጽሐፋችን ሳይሆን ከበዓላችን ነው። በልደት ቀን ከቤታችን የሚወጣው የሰካራም ጩኸት ብቻ ከሆነ፥ የተወለደው ማን ነው ብለው እንዲያስቡ እናደርጋለን?

ሌላው የሚያሳዝን ነገር ዕዳ ነው። ከሰው ላለማነስ ሲል ተበድሮ ቅርጫ የሚገባ፥ ለልጆቹ ልብስ በዱቤ የሚገዛ አባት ብዙ ነው። በዓሉ በአንድ ቀን ያልፋል፤ ዕዳው ግን እስከ ፋሲካ ይከተለዋል። በግርግም የተወለደው ጌታ ይህን አልጠየቀንም።

የራሴ በደል

አሁን ቀደም ብዬ ተስፋ የሰጠሁትን እናገራለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት፥ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፥ እኛ ክርስቲያን ተማሪዎች የልደት ዝግጅት ልናደርግ ተስማማን፤ ገንዘብ ያዥ ሆኜ የተመረጥሁትም እኔ ነበርሁ። በመዋጮው የተቈረጠ ጥድ፥ ፊኛ፥ አብረቅራቂ ወረቀት፥ የበረዶ ምሳሌ የሚሆን ጥጥና ለገና አባት የሚሆን ጢም ተገዛ። እንደ ፈረንጅ አገር ምድርን የሚያለብስ በረዶ ያየ ከመካከላችን አንድ ሰው አልነበረም።

ከእኛ ጋራ አንድ ከገጠር የመጣ ልጅ ይማር ነበር። በከተማው ጠባብ ክፍል ተከራይቶ፥ ስንቁን ከቤቱ እያመጣ የሚኖር ነው። መዋጮውን ሁለት ጊዜ ጠየቅሁት፤ ሁለት ጊዜም «ነገ» አለኝ። በሦስተኛው ጊዜ በጓደኞቹ ፊት ስሙን ከዝርዝሩ ሰረዝሁት፤ ያልከፈለ አይገባም ተብሎ ነበርና። እርሱም ምንም ሳይመልስ ሄደ።

በዝግጅቱ ቀን የዮሴፍና የማርያም ታሪክ በትርኢት ቀረበ። ዮሴፍ የሆነው ልጅ በሩን ሲያንኳኳ፥ የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ሆኜ «ቦታ የለም!» ያልሁት እኔ ነበርሁ። ድምፄ ወፍራም ነው ተብሎ ሁሉም አጨበጨበልኝ።

ማታ አያቴ «እንዴት ዋላችሁ?» ብለው ጠየቁኝ። ሁሉንም አጫወትኋቸው፤ ስለዚያም ልጅ በነገር ነገር ተናገርሁ። እርሳቸው ስኒውን አስቀምጠው ብዙ ዝም አሉ። ከዚያም «እንግዲያው ልጄ፥ ቦታ የለም ያልኸው በጨዋታው ብቻ አይደለማ» አሉኝ።

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በልደት ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ልጁን ፈልጌ አገኘሁት። ለመኪና የሚከፍለው ስላጣ ወደ ቤቱ አልሄደም፤ ሌሊቱን በቤተ ክርስቲያን ቆሞ አድሮ ነበር። እኛ ስለ ልደት ስንጫወት፥ ልደትን ያከበረው እርሱ ነው። ይቅርታ ጠየቅሁት። መጀመሪያ ወደ ቤታችን ለመምጣት እንቢ አለ፤ አያቴ ራሳቸው መጥተው «ና ልጄ፥ እንጀራው ይጠብቅሃል» ቢሉት ግን እንቢ ማለት አልቻለም። በአጠገባቸው አስቀምጠው አጐረሱት። ስሙን የሰረዝሁበት ዝርዝር ዛሬም በደብተሬ ውስጥ አለ።

ባለፈው ዓመት መዋጮ አልሰበሰብንም። ሁሉም ከቤቱ ያለውን፥ አንዱ ዳቦ አንዱ ቈሎ አንዱም ቡና ይዞ እንዲመጣ አደረግን፤ ምንም የሌለውም ባዶ እጁን መጣ። ዝግጅቱም በጾሙ መካከል መሆኑ ቀርቶ ከበዓሉ በኋላ ሆነ። ከሉቃስ ወንጌል የልደቱን ታሪክ ያነበበልን ያ ልጅ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ከላይ እንዳየነው፥ ታሪክ የሚያስተምረን መከልከልን አይደለም። ዛፉ ይብራ፤ ዶሮውም ይሠራ፤ ልጆችም ይጫወቱ። ነገር ግን ግርግሙ በመካከል ይሁን። ለዚህም እንደ አቅሜ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። መጀመሪያ፥ በየቤታችን ከማዕዱ በፊት የልደቱ ታሪክ ከወንጌል ይነበብ፤ አንባቢውም ከልጆች አንዱ ይሁን። ሁለተኛ፥ ለበዓሉ ካሰብነው ወጪ አንድ እጅ ለተቸገረ ሰው እንደ ቅዱስ ኒቆላዎስ በስውር ይሰጥ። ሦስተኛ፥ ወደ አገሩ ለመሄድ ያልቻለ ተማሪ፥ ወታደር፥ ሠራተኛ ወይም በሽተኛ በልደት ቀን ብቻውን እንዳይበላ፥ እያንዳንዱ ቤት አንድ ቦታ ይተው። ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከአያቴ ቤት የተማርሁት ነውና።

ወላጆቻችንና መምህራኖቻችን ሆይ፤ ጾሙንና ሌሊቱን፥ መዝሙሩንና መጽሐፉን ስለ ጠበቃችሁልን እናመሰግናችኋለን። ጓደኞቼ ተማሪዎችም ሆይ፤ በሚቀጥለው ዓመት ብዙዎቻችን ከጭሮ ወጥተን በየዩኒቨርሲቲው እንበተናለን። እንግዶች የምንሆነው እኛ ነን፤ በሰው አገር በልደት ቀን የሰው በር የምናንኳኳውም እኛ ነን። ያን ጊዜ «ቦታ አለ፤ ግባ» የሚለን ሰው እንዲሰጠን፥ ዛሬ በራችንን እንክፈት። ቤተ ልሔም ያጣችው ይህችን አንዲት ቃል ነበርና።

እግዚአብሔር አገራችንንና ትምህርት ቤታችንን ይባርክ። መልካም የልደት በዓል።